ሰሚው ራሱ ምስክር ሲሆን

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናነሳው የሕዝብ ግንኙነት ሙያን ነው። ሙያው ሲጠራ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ቢሮ፣ በሆቴል አዳራሽ የተሰቀለ ባነርና በካሜራ የታጀበ ምረቃ ነው። እኛ ግን ሦስት ወይም አራት ሰዎች ብቻ ስለሚሠሩበት ትንሽ የሕዝብ ግንኙነት ቤት እናወራለን፤ ያውም ዲላ ላይ ተቀምጦ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አልፎ እስከ ገደብ ወረዳ ቀበሌዎች ድረስ ስለሚዘልቅ ሥራ። በጌዴኦ ዞን ይህን ሥራ የሚፈልግ ተቋም ሞልቷል። ወረዳው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ የቡና ገበሬዎች ማኅበራቱ ሁሉም ስለ ራሳቸው ለሕዝብ የሚናገርላቸውና የሕዝቡን ቃል የሚያመጣላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ልከራከርለት የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። በትንሽ ቦታ የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ከትልቁ ከተማ ባልደረባው ዋናው ልዩነቱ የገንዘቡ ወይም የካሜራው ማነስ አይደለም። ሰሚው ራሱ የነገሩ ምስክር መሆኑ ነው። ይህ ሥራውን ያከብድበታል፤ ነገር ግን በሙያው ውስጥ በቀላሉ ከሚጠፋው ነገር፣ ከእውነተኛነት ጋር አስሮ ያቆየዋል።

በትልቅ ድርጅት አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል፣ ሌላው ከጋዜጠኞች ጋር ይነጋገራል፣ ሌላው ድግሱን ያሰናዳል። በትንሹ ቤት እነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋሉ። ጠዋት ሬዲዮ ያዳምጣል፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስለ ደንበኛው ምን እንደተባለ ያያል፤ ረፋዱ ላይ ቁጥር ለማረጋገጥ ስልክ ሲመታ ይውላል፤ ከሰዓት ጋዜጣዊ መግለጫ ይጽፋል፣ ወደ ጌዴኡፋ ቋንቋ ያስተረጉማል፤ በማግስቱ ደግሞ ስብሰባው ላይ ወንበር ያስተካክላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ የማይክራፎኑን ባትሪ ያያል። ድካሙ ግልጽ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ዓረፍተ ነገሩን የጻፈውና ዓረፍተ ነገሩ ከሚመለከታቸው ሰዎች ፊት የሚቆመው ያው አንድ ሰው ነው። ለተጻፈው ነገር የሚጠየቅ ሌላ ክፍል የለም። አንባቢው ነገ ገበያ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ቤት ያገኘዋል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። አንድ የቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የዓመቱን ሥራ ለማሳወቅ መግለጫ ያስጽፋል እንበል። የተለመደው አጻጻፍ እንዲህ ይላል፦ ማኅበሩ በበጀት ዓመቱ ባከናወናቸው ዘርፈ ብዙ ተግባራት አባል አርሶ አደሮችን ተጠቃሚ ማድረጉ ተገለጸ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገለጸው ሰው የለም፣ የገንዘቡ መጠን የለም፣ የተከፈለበት ወር የለም። አዲስ አበባ ላይ ያነበበው ሰው ጥሩ ነው ብሎ ያልፋል። በገደብ ወረዳ ወርቃ ወይም ባንኮ ጎቲቲ ያለው አባል ግን በመኸር ጊዜ እሸት ቡናውን በኪሎ ስንት እንዳስረከበ የሚያሳይ ደረሰኝ ቤቱ አለ፤ ማኅበሩ ቡናውን ከሸጠ በኋላ ይከፍላል የተባለው ሁለተኛ ክፍያ ደርሶት እንደሆነና እንዳልሆነም እሱ ራሱ ያውቃል። ክፍያው ከዘገየ ያ መግለጫ ለእሱ ስድብ ነው። ስለዚህ ጎበዝ የሆነ የትንሽ ቤት ጸሐፊ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሒሳብ ሹሙ ነው፤ ስንት ኪሎ ተረከባችሁ፣ በስንት ገዛችሁ፣ ሁለተኛው ክፍያ ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል፣ ከዘገየስ ለምን? መልሱ የማያምር ቢሆን እንኳ የዘገየበትን ምክንያትና የሚከፈልበትን ቀን የያዘ ሁለት መስመር ከአንድ ገጽ ውዳሴ ይልቅ ለማኅበሩ ይጠቅመዋል። ምክንያቱም የሚቀጥለው ዓመት እሸት ለማኅበሩ ወይስ ለግል ነጋዴ ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ያው ደረሰኙን የያዘው አባል ነው።

ይህ አስተሳሰብ የእኔ በጎ ምኞት ብቻ አይደለም፤ በሕግም መሠረት አለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት አካላት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲኖራቸው ሲያዝ፣ ለዚህ ሰው የሰጠው ዋና ተግባር መረጃ ለሚጠይቅ ዜጋ መልስ መስጠት ነው። ጥያቄውን ይቀበላል፣ ማመልከቻውን መጻፍ የማይችለውን ይረዳል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ ከከለከለም ምክንያቱን ይገልጻል። የመረጃ ነፃነቱን አፈጻጸም እንዲከታተል ኃላፊነት የተሰጠው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በሕጉ ዓይን እንግዲህ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ በሩ ላይ የቆመ አስተናጋጅ እንጂ አዋጅ ነጋሪ ብቻ አይደለም። ይህን የሕጉን ክፍል ብዙ ዜጎች አያውቁትም፤ ሊያውቁት ይገባል። የግል ድርጅት በዚህ አዋጅ አይገደድ ይሆናል። ሆኖም ከመንግሥት ተቋም ጋር ውል የሚገባ ትንሽ ቤት ሥራውን ሲዋዋል መግለጫ መጻፍን ብቻ ሳይሆን ለጥያቄ መልስ ማሰናዳትንም ቢያካትት የሙያውን ግማሽ ጎኑን ይመልስለታል።

መረጃ በጊዜው ካልወጣ ምን እንደሚከተል ለማየት ከገደብ በላይ የሚያስታውስ ቦታ የለም። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ወደ ጌዴኦ ዞን የገባ ነበር። ያ ዓመት ኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት በተፈናቀለ አዲስ ሕዝብ ብዛት ከዓለም የቀደመችበት ነው። በቀጣዩ ዓመት በይፋ ይነገር የነበረው ሕዝቡ ወደ ቀዬው እየተመለሰ መሆኑ ነበር። በገደብ ግን በፕላስቲክ መጠለያ የሚኖሩ ብዙ ሺህ ሰዎች ነበሩ፤ በሕፃናት ላይ የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ጠንቶ ነበር። በመጋቢት 2011 ፎቶዎችና ዘገባዎች ወጡ፤ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በገደብ የአስቸኳይ ጊዜ ሥራውን እንደገና ጀመረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ጌዴኦ ሄደው ተፈናቃዮቹን አዩ፤ ከየአካባቢውም እርዳታ ይጎርፍ ጀመር። እርዳታው የመጣው ችግሩ በዚያ ወር ስለተጀመረ አይደለም፤ በዚያ ወር ስለታወቀ ነው። በየመጠለያው የሚዞር፣ ስንት ሰው አለ፣ ምን በላ፣ ስንት ሕፃን ታመመ የሚለውን በየሳምንቱ በጽሑፍ የሚያወጣ አንድ ትንሽ ታማኝ ቤት ቢኖር ችግሩን አያስቀርም ነበር፤ ግን ለማሳወቅ ያን ያህል ወራት አይወስድም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ የሚያነሱትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግጭት ባለበት ቦታ መናገር እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው፤ ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ጌዴኦና ጉጂ በጋብቻ፣ በገበያ፣ በጎንዶሮ የዕርቅ ሥርዓት የተሳሰሩ ሕዝቦች ናቸው፤ በችኮላ የተነገረ አንድ ቃል የሽማግሌዎችን የወራት ድካም ሊያፈርስ ይችላል። ይህ እውነት ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 የወጣውም ቃል ሰው እንደሚገድል ስለታየ ነው። ነገር ግን ታማኝ ሰው ዝም ያለበት ቦታ ባዶ አይቀመጥም፤ ወሬ ይሞላዋል። ያውም ቁጥሩን አሥር እጥፍ አድርጎ፣ ጥፋቱን በአንድ ወገን ላይ ጭኖ። ስለዚህ ጥያቄው መናገር ወይስ ዝም ማለት አይደለም፤ ምን ተረጋግጦ፣ በማን አንደበት፣ በምን ቃል የሚለው ነው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሸንጓቸው በሶንጎ ላይ ሲቀመጡ ከሳሽንም ተከሳሽንም ሳይሰሙ አይፈርዱም። የሕዝብ ግንኙነት ሰው ከዚህ የሚማረው አለ፦ ወቀሳን ሳይሆን የታየውን መጻፍ፣ የሁለቱንም ወገን ተጎጂ በአንድ ዓይነት ቃል መጥራት፣ ያልተረጋገጠ ቁጥር ሲመጣ ነገ እንመለሳለን ብሎ ማቆየት። በዚህ መንገድ የወጣ መረጃ የሽማግሌዎቹን ሥራ ያግዛል እንጂ አያፈርስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሙያው ታሪክ የሚመነጭ ነው። ገንዘብ የሚከፍለው ደንበኛው ነው፤ የተከፈለው ሰው እንዴት እውነት ይናገራል? ይህን ጥያቄ ማቃለል አይገባም። ከሙያው መሥራቾች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው አይቪ ሊ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1906፣ በድንጋይ ከሰል ሠራተኞች አድማ ጊዜ፣ ሥራው በግልጽ እንደሚሠራና የሚሰጠውን መረጃ ማንኛውም አዘጋጅ ማጣራት እንደሚችል ለጋዜጦች በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። መልካም መርሕ ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ ግን በኮሎራዶ ግዛት ሉድሎ በተባለ ቦታ አድማ ላይ የነበሩ የማዕድን ሠራተኞች ድንኳን ተቃጥሎ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር አለቁ፤ ሊም ለማዕድን ኩባንያው ባለቤቶች ለሮክፌለሮች ተቀጥሮ ተከታታይ ጽሑፎችን አወጣ። በጽሑፎቹ ውስጥ የአድማው መሪዎች ያገኙት ነበር የተባለው ደመወዝ እጅግ የተጋነነ ነበር። በኋላ በመርማሪ ኮሚሽን ፊት ሲጠየቅ የኩባንያው ሰዎች የሰጡትን ሳያጣራ እንዳወጣ ተናገረ። እዚህ ላይ ትኩረቴን የሚስበው ርቀቱ ነው። ሊ የጻፈው በምሥራቅ አሜሪካ ተቀምጦ ነው፤ ኮሎራዶ ያለው የማዕድን ሠራተኛ ጽሑፉን ቢያነብ ወዲያው ውሸት ነው ይል ነበር፤ ጽሑፉ የታሰበው ግን ለእሱ አልነበረም። በዘመናችንም ቤል ፖቲንገር የተባለው የለንደን ትልቅ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት በደቡብ አፍሪካ ለጉፕታ ቤተሰብ ኩባንያ ብሎ ዘርን ከዘር የሚያጋጭ ቅስቀሳ በማካሄዱ እንደ አውሮፓውያኑ በ2017 ከሙያ ማኅበሩ ተባረረ፤ ደንበኞቹ ሸሹት፤ በዚያው ወር ድርጅቱ ፈረሰ። ትልቅነት አላዳነውም። ሁለቱም ታሪኮች የሚያሳዩት ገንዘብ ብቻውን ሙያውን እንዳላበላሸው ነው። ገንዘብ ከርቀት ጋር ሲገናኝ፣ የሚጽፈው ሰው የሚጻፍባቸውን ሰዎች ፊት የማያይ ሲሆን ነው መበላሸቱ የቀለለው። ገደብ ላይ የሚሠራ ሰው ይህ ምቾት የለውም፤ በመቅረቱም እሰየው።

እርግጥ ቅርበትም የራሱ መዘዝ አለው፤ ይህን ካልጨመርኩ ሚዛኔ ይዛባል። በትንሽ ከተማ ደንበኛው ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ኃላፊው ጎረቤት ነው፤ ውል የሚሰጠው ተቋም ብዙ ስላልሆነ አንዱን ማስቀየም የዓመቱን ገቢ ሊያሳጣ ይችላል። ይሉኝታ ከጉቦ ይልቅ ብዕር ያጎብጣል። ለዚህ ያለው መድኃኒት ጀግንነት ሳይሆን ውል ነው። ሥራው ሲጀመር በጽሑፍ መስፈር ያለበት ነገር አለ፦ ቁጥር ያለ ሰነድ አይወጣም፤ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አይወጣም፤ ስህተት ከተገኘ እርማቱ ስህተቱ በወጣበት መንገድ ይወጣል። ደንበኛው ይህን ቀድሞ ከፈረመ በኋላ ላይ የሚነሳው ክርክር በሰውና በሰው መካከል መሆኑ ይቀርና ከወረቀቱ ጋር ይሆናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ ትንሽ ቤት ምን አቅም አለው የሚል ነው። የጌዴኦ ስም በዓለም የሚጠራው በትልልቅ ተቋማት ጉልበት ነው ይባላል። ማስረጃውም ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ስትነሳ ጥያቄውን ያቀረበው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነበር፤ የአሜሪካ የቡና ማኅበር ሲቃወም፣ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ሲነሳ፣ ኦክስፋም የተባለው ድርጅት ጉዳዩን በዓለም ዙሪያ አሰማ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው መልእክት ላኩ፤ በ1999 ስምምነት ተፈረመ። ታላቅ ድል ነው፤ ትንሽ ቤት ብቻውን አያደርገውም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መንግሥት ባቀረበው ጥያቄ ነው። ግን ሁለቱም ጉዳዮች የቆሙበትን መሠረት እንይ። በባህላዊ መልክዓ ምድሩ የተመዘገቡት ከትልልቅ ዛፎች ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና አብሮ የሚያድግበት የጌዴኦ ጥምር እርሻ፣ ትክል ድንጋዮቹና የተከበሩት ደኖች ናቸው። ስለዚህ እርሻ ታደሰ ኪጴ የጻፉት የዶክትሬት ጥናት የወጣው ከምዝገባው ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ትልቁ ተቋም ጉባኤ ላይ የሚናገረው ከታች ያለ ሰው እግሩ እስኪዝል ዞሮ የሰበሰበውን ነው። ያ የታች ሰው ከሌለ ከላይ የሚናገረው ባዶ ቃል ይሆናል።

በቡናም እንደዚሁ ነው። ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል በጅምላ በሚያልፍበት ጊዜ የመጣበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስም መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር፤ ከ2009ኙ የቡና ግብይት አዋጅ በኋላ ግን ስሙን ይዞ መሄድ ቻለ። ዛሬ ወርቃ ሳካሮ፣ ጨልበሳ፣ ሀሎ በሪቲ የሚሉ የገደብ ስሞች በሩቅ አገር የቡና ከረጢቶች ላይ ይነበባሉ። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ገዢው ነው፤ የአበባ ሽታ፣ የሎሚ ጣዕም፣ የቦታው ከፍታ። ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ስንት ቀን እንደደረቀ፣ እሸቱን ማን እንደለቀመ፣ ለቃሚዋ ስንት እንደተከፈላት የሚያውቅ ሰው ገደብ ላይ እያለ ታሪኩ ከዚያ አለመነሳቱ ያስቆጫል።

አሁን ደግሞ የማይዘገይ ሥራ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያኑ በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት የመጣ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ መመዝገብ ይኖርበታል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የጌዴኦ ገበሬ ማሳ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የአፈጻጸሙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ቢራዘምም ሕጉ አልቀረም። እንግዲህ አንድ ወጣት ስልክ ይዞ ከእንሰቱ መሃል ገብቶ ማሳ ሲመዘግብ የሚያይ ገበሬ ምን ያስብ? መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው፣ ግብር ሊጨምሩብኝ ነው ቢል ማን ይፈርድበታል? ይህን ፍርሃት ከአዲስ አበባ የተላከ ፖስተር አይመልሰውም። ብራስልስ ላይ የተጻፈውን ሕግ በጌዴኡፋ፣ ገበሬው በሚቀመጥበት ቦታ፣ ሊጠይቅ በሚችልበት ጊዜ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ምን ይመዘገባል፣ መዝገቡ ማን ዘንድ ይቀመጣል፣ ለምን ዓላማ አይውልም የሚሉትን ጥያቄዎች መጀመሪያ መዝጋቢውን ድርጅት ጠይቆ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀብሎ፣ ከዚያ ለገበሬው ማድረስ፤ የገበሬውን አዲስ ጥያቄ ደግሞ ይዞ መመለስ። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ካለም ገና አልተመለሰም ብሎ በግልጽ መናገር።

የዚህን የማስረዳት ሥራ ክፍያ በተመለከተ፣ ወጪው የመዝጋቢው ፕሮጀክትና የላኪዎች ድርሻ ሊሆን ይገባል እላለሁ፤ የካርታውን ሥራ በጀት ሲይዙ የማስረዳቱን ሥራ አብረው መያዝ አለባቸው። ገበሬው ባልገባው ነገር ላይ ሲፈርም የሚገኘው መዝገብ ነገ ሲጠየቅ አይቆምም፤ ያልፈረመው ገበሬ ቡና ደግሞ ከገበያው ይቀራል። ማስረዳቱ መጠናቀቅ ያለበትም ከቡና ለቀማው በፊት ነው፤ እሸት መቅላት ከጀመረ በኋላ በገደብ ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው አይገኝምና።